ኮርቻው ለምን ይረግባል?

የዚህ ሳምንት ጥያቄ የመጣው ከሸነን ነው። ጠያቂያችን በሞተር ሳይክሉ ሰው እያመላለሰ ቤተሰቡን የሚረዳ ወጣት ነው። «ሁለት ሰው ሲቀመጥበት ኮርቻው እንደ ሽቦ አልጋ ይረግባል። ስፖንጁን አስቀየርኩ፣ ቆዳውን አሳደስኩ፤ ያው ነው! እጮኛዬም ‹ሁለተኛ እዚህ ነገር ላይ አልወጣም› ብላኛለች። ምን ይሻለኛል?» ይላል።

ወንድሜ፣ እጮኛህ እውነቷን ነው! የታመመው ሥጋው ሳይሆን አጥንቱ ነው። ስፖንጁን የተሸከመው ፕላስቲክ ደክሟል። አጥንቱ ሲረግብ ደግሞ ወደ ታች ወርዶ ባትሪውን ሊነካ ይችላል። ያኔ ነገሩ የምቾት ጉዳይ መሆኑ ይቀራል።

መጀመሪያ ምንም ሳታወጣ ኮርቻውን አውልቀህ ገልብጠው። ሻሲው ላይ የሚያርፉት የጎማ እግሮች ሁሉም አሉ? አንዱ ከጎደለ ፕላስቲኩ ያለ ድጋፍ ቀርቷል ማለት ነው። ከአሮጌ ጎማ ቆርጠህ ተካው። ስንጥቅ ካየህ ጫፉ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብሳው፤ እንዳይራመድ ይገታዋል። ማጠፊያው ወይም መቆለፊያው ጋ ከተሰበረ ግን አትጠጋግነው፣ ቀይረው።

«ማስቲሽ ቀባበትና ላሜራ ለጥፍ» የሚልህ አይጠፋም። ቆይ! የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ከፕላስቲኩ ትንሽ ፋቅ አድርገህ ሳሙና ጠብ ያለበት ውኃ ውስጥ ክተተው። ከተንሳፈፈ ፖሊፕሮፒሊን ወይም ፖሊኤትሊን ሳይሆን አይቀርም። እነዚህን ተራ ማጣበቂያም ሆነ ፋይበር ግላስ በደንብ አይዛቸውም፣ ይላቀቃል። መፍትሔው ቡሎን ነው።

ማስመሪያ በጠፍጣፋው ብትጫነው ይጎብጣል፤ በጠርዙ ብታቆመው ግን እምቢ ይላል። ምስጢሩ ቁመቱ ነው፤ ቁመት በእጥፍ ሲጨምር ጥንካሬው 8 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ጠፍጣፋ ላሜራ ሳይሆን በማዕዘን የታጠፈ አሉሚኒየም በግራና በቀኝ በርዝመቱ አሳስር። ቆዳውን ማንሳት ግድ ነው። ሰፋፊ ሮንዴላ ይግባበት፤ የቡሎኑ ድቡልቡል ራስ ወደ ስፖንጁ ይዙር፤ ቀዳዳው ከፕላስቲኩ ጠርዝ ይራቅ።

አሁን ዋናው ነገር! ብረት ባትሪ ከነካ ብልጭታ፣ ከብልጭታ እሳት ይመጣል፤ ቤንዚኑም እዚያው ነው። የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ንቀልና ሊጥ በፌስታል ጠቅልለህ ባትሪው ላይ አስቀምጥ። ኮርቻውን መልሰህ ሁለት ሆናችሁ ተቀመጡበት። ስታነሳው ሊጡ ከአንድ ጣት ውፍረት በታች ከተጨፈለቀ ብረቱን ከዚያ ቦታ አዙረው። የፖዘቲቩን ጫፍም በጎማ ሸፍነው።

ሊጡ ከተረፈ እጮኛህን ጥራት። ሄልሜት ግን ሁለት ይሁን!