ስሌቱ ሳይታወቅ መሣሪያው አይታመንም



በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ከተጀመረ ወዲህ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚነገረው በዝቷል። በእኛ በገንዳ ውሃም የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጽፉ ወጣቶች ማየት የሚያስደስት ነገር ነው። ነገር ግን አንድ ጉድለት ስለ ታየኝ አሳቤን በዚህ ዓምድ ለማቅረብ እፈልጋለሁ።

አንድ ወጣት የሰሊጥን ምርት የሚገምት ፕሮግራም ጽፎ አሳየኝ። ፕሮግራሙ በተማረ ቁጥር ግምቱ ከእውነቱ እየራቀ ሄደ። ምክንያቱን ብጠይቀው፥ «ጋሼ፥ መሣሪያው ነው እንጂ እኔ ምን ዐውቃለሁ?» አለኝ። ብዕር ያስነሣኝ ይህ መልስ ነው።

መሣሪያው የሚሠራው በምትሐት ሳይሆን በስሌት ነው። ለምሳሌ ያህል፥ በሄክታር የሚገኘውን ምርት ማሳው በታረመበት ጊዜ ብዛት ብቻ እንገምት እንበል። ማሳው 2 ጊዜ ታርሟል፤ ፕሮግራሙ ለአረሙ የሰጠው ክብደት 2 ቢሆን ግምቱ 4 ኩንታል ነው። የተገኘው ግን 6 ኩንታል ነው። ስሕተቱ 2 ሲጎድል ነው ማለት ነው። ስሕተቱን ራሱን በራሱ አባዝተን ብንለካ፥ ክብደቱ ጥቂት ሲለወጥ ልኬቱ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚለወጥ የሚነግረን ዴሪቬቲቭ ነው፤ እዚህ ላይ −8 ይሆናል። ምልክቱ «ክብደቱን ጨምር» ይለናል። የ8ን አንድ ዐሥረኛ፥ 0.8ን፥ ብንጨምር ክብደቱ 2.8፥ ግምቱም 5.6 ይሆናል። አንድ ጊዜ ብንደግመው 5.92 ይደርሳል። መማር የሚባለው ይኸው ነው።

እርምጃውን ከአንድ ዐሥረኛ ወደ ሦስት ዐሥረኛ ብናሳድገው ግን ግምቱ 8.8 ይሆናል፤ ቀጥሎም ወደ 2.08 ይወርዳል። ስሕተቱ በየጊዜው ይብሳል። የዚያ ወጣት ፕሮግራም የታመመው በዚህ ነበር፤ እርምጃውን ስናሳንሰው ዳነ። መጥኖ መደቆስ በሒሳብም ይሠራል።

ይህ ዘዴ አዲስ አይደለም። የቋራው ካሣ አፄ ቴዎድሮስ ተብለው ከመንገሣቸው በፊት፥ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1847 ዓ.ም.፥ ኮሺ የተባለው ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቅ ጽፎታል። ዛሬ ጽሑፍ የሚጽፉት ታላላቅ መሣሪያዎችም በቢሊዮን የሚቈጠሩ ክብደቶቻቸውን የሚያስተካክሉት በዚሁ መሠረት ነው። ብዙውን ቁጥር በአንድነት ለማስላት ቬክተርና ማትሪክስ፥ ያልተረጋገጠውን ለመመዘን ደግሞ ፕሮባብሊቲ ያስፈልጋል። እነዚህ ሁሉ መጀመሪያቸው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለ ነው፤ ለፈተና ተጠንተው ተረሱ እንጂ አልጠፉም።

ክብደቶቹ የሚገኙት ከተሰጠው መረጃ ስለ ሆነ፥ በመተማ ቆላ ቁጥር የተማረ ፕሮግራም በደባርቅ ደጋ ቢያሳስት ሊደንቀን አይገባም። በእንዲህ ያለ ግምት ብድር ሲፈቀድ ወይም ሲከለከል ግን የሚጎዳው ገበሬው ነው፤ «መሣሪያው አለ» የሚል መልስም አያጠግበውም።

ስለዚህ በበኩሌ ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፥ ሠልጣኞች ዝግጁ ፕሮግራም ከመጠቀማቸው በፊት ከላይ ያለውን የመሰለ ስሌት በወረቀትና በእርሳስ ይሥሩ። ሁለተኛ፥ እኛ የመንግሥት ሠራተኞች እንዲህ ያለ ፕሮግራም ለመሥሪያ ቤታችን ስንቀበል፥ ከየት ባለ መረጃ እንደ ተማረ፥ ስሕተቱ እንዴት እንደ ተለካ፥ ባላየው መረጃ ተፈትኖ እንደ ሆነ እንጠይቅ። የሚመልስ ሰው ከሌለ ፊርማችንን እናቆይ።

አንድ አንባቢ
ከገንዳ ውሃ