ትምህርት ቤት ስለ መምረጥ

ልጆች ሆይ፥ ትምህርት ቤትን የሚመርጥ ሰው በሬ እንደሚገዛ ገበሬ ሊሆን ይገባዋል። ገበሬው የበሬውን ቀንድና ቁመና አይቶ ብቻ ገንዘቡን አይቈጥርም፤ ጥርሱን ከፍቶ ያያል፥ ጫንቃውን ይዳብሳል፥ ያረሰበትንም ጎረቤት ይጠይቃል።

ይህን ነገር ያነሣሁት ስለ እኅቴ ልጅ ነው። በመካነ ሰላም ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈጽማ የአገሩን ፈተና አለፈች። ይህም ቀላል አይደለም፤ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ግማሹንና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶው 3.3 ያህል ብቻ ነበሩ። እንዲህ ባለ ጠባብ በር ያለፈ ልጅ ወዴት እንደሚገባ በችኮላ ሊቈርጥ አይገባውም።

በፊቷ ሁለት መንገድ ነበረ። አንዱ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በቱሉ አውሊያና በዚሁ በመካነ ሰላም ግቢ አለው። ሁለተኛው ወሎ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በደሴና በኮምቦልቻ ያስተምራል፥ በዕድሜም ይቀድማል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ንብረቱ ተዘርፎበት ነበር፤ ዳግመኛ ተነሥቶ ማስተማሩን ቀጠለ። እናቷ፦ ከእኔ አትራቂ፥ መንገዱ ያስፈራል አለቻት። ልጅቱ ግን ሁለቱን ጎብኝታ በተመለሰች ጊዜ የምታወራልን ስለ ሕንፃው ቁመትና ስለ ዛፉ ጥላ፥ ስለ ኮምቦልቻም ሙቀት ነበረ።

መምህሮቹ እንዴት ያሉ ናቸው? ብዬ ብጠይቃት ዝም አለች።

እኔም በልጅነቴ ደበሎ ለብሼ አኩፋዳ አንግቼ፥ ቅኔ ልማር ዐባይን ተሻግሬ ወደ ጎጃም ሄጄ ነበር። ተማሪ ወደ ጉባኤ ቤት ከመግባቱ አስቀድሞ ከዚያ የሚመለሱትን እንዲህ እያለ ይጠይቃል፦ የኔታ የጀማሪውን ጉባኤ ቃና ሲያርሙ ይታገሣሉን? መንደሩ ለተማሪ ቁራሽ ይሰጣልን? ውኃው ሩቅ ነውን? ስለ ጎጆው ውበት የሚጠይቅ ግን አልነበረም። እኔ ይህን ምክር ንቄ፥ ጥቂት ተማሪ ያለበትን ጣራው የሚያፈስ ጉባኤ ቤት ትቼ፥ ስሙ ወደ ገነነ ስፍራ ገባሁ። በዚያ የተማሪው ብዛት እንደ አንበጣ ነበረና፥ የቈጠርሁትን ቅኔ ለማሳረም ተራ የሚደርሰኝ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ሆነ። እንዲሁ አንድ ዓመት ሙሉ አለፈኝ፤ እስከ ዛሬም ይቈጨኛል።

ሰው ሁሉ ትልቁ ይሻላል፥ ወይም ቅርቡ ይሻላል ይላል። በታናሽ ትምህርት ቤት መምህሩ ተማሪውን በስሙ ሊያውቀው ይችላል፤ በቈየው ደግሞ መጻሕፍትና መንገድ የሚያሳዩ የቀደሙ ተማሪዎች ይገኛሉ። በእኔ አሳብ ግን አስቀድሞ የሚመረጠው የትምህርቱ ዓይነት ነው፤ ስፍራው ከእርሱ በኋላ ይመጣል።

ስለዚህ፦ ዳግመኛ ሂጂ፥ ነገር ግን የምረቃ ቀን አይሁን፤ በሠርጉ ቀን የታየ ቤት ሁሉ ጽዱ ነውና አልኋት። ሦስተኛ ዓመት የደረሱትን ጠይቂ፤ ቤተ ሙከራው በሳምንት ስንት ጊዜ ይከፈታል? በቤተ መጻሕፍቱ ማታ መብራት አለን? የታመመ ተማሪ ወዴት ይሄዳል? ሴት ልጅ ከንባብ ስትመለስ መንገዱ እንዴት ነው? ይህን የመጨረሻውን የጨመረችው እናቷ ናት፥ ከእኔም ጥያቄ ሁሉ ይበልጥ ነበር።

ልጅቱ የሰማችውን ሁሉ በደብተር ጽፋ ተመለሰች፤ ኮምቦልቻንም አስቀደመች። እኔ በእርስዋ ፈንታ አልመረጥሁላትም፤ መጽሐፍ ይዛ ሌሊቱን የምታነጋው እርስዋ እንጂ እኔ አይደለሁምና። የሚመድበው ግን የትምህርት ሚኒስቴር ነው፤ ምርጫዋን ከውጤቷና ከቦታው ስፋት ጋር ያያል። ስለዚህ ሁለተኛው ቢደርሳት እንደ ቅጣት እንዳትቈጥረው ነገርኋት።

እናቷ ሦስት ቀን አልተናገረችም። በአራተኛው ቀን ወደ ቤቷ ብገባ ገብስ ቈልታ በሶ ስትፈጭ አገኘኋት። ለየትኛው መንገድ ነው? ብላት፦

ለሁለቱም ይሆናል አለችኝ።