መርከብ ጥበቃ፣ በዶላር?

ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ ሱቅ በር ላይ የሚቆም ጥበቃ ወሩን እንዴት እንደሚገፋው እናውቃለን። ስለዚህ አንዱ ደላላ መጥቶ «መርከብ ላይ ጥበቃ አለ፣ በዶላር ነው፣ አንተ የሥልጠናውን ብቻ ክፈል» ሲለው ልቡ ቢሸፍት አልፈርድበትም። ግን ቀጣሪው ማን ነው?

የዚህ ሥራ ገበያ እንግዳ ነገር ነው፤ ጠባቂ የሚፈለገው ወንበዴ ሲበዛ ነው። የሶማሊያ የባሕር ወንበዴዎች እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2012 ባሕሩን ሲያምሱት መርከቦች የታጠቀ ጠባቂ መጫን ለመዱ። ወንበዴው ሲቀንስ የመርከብ ኢንዱስትሪው ማኅበራት በ2023 መጀመሪያ የሕንድ ውቅያኖስን ከፍተኛ ስጋት ካለባቸው አካባቢዎች ሰረዙት። በዚያው ዓመት ኅዳር ደግሞ ሁቲዎች «ጋላክሲ ሊደር» ላይ በሄሊኮፕተር ወርደው ያዟት፤ ሚሳይልና ድሮን ተከተለ። ለሚሳይል ጠመንጃ ምን ይሠራል?

ቀጣሪዎቹም በአብዛኛው የሚፈልጉት የባሕር ኃይል ወይም የሠራዊት ልምድ ያለውን ነው። መሣሪያ ወደብ ማስገባት ራሱ ጣጣ ስለሆነ ቀይ ባሕር ላይ ተንሳፋፊ የመሣሪያ ግምጃ ቤት የሆኑ መርከቦች ሁሉ አሉ። በሁለት ሳምንት ሰርተፊኬት እዚያ መግባት ዘበት ነው።

መርከብ ለሚመኝ፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ማሪታይም አካዳሚ የሜካኒካልና የኤሌክትሪካል ምሩቃንን ያሠለጥናል። እርግጥ ዲግሪ ለሌለው የሰፈሬ ልጅ ይህ በር ዝግ ነው፤ ደላላውም የሚገባው በዚሁ ክፍተት ነው። ወንድሜ፣ መጀመሪያ የቀጣሪውን ስምና የሥራ ውሉን በወረቀት ያሳይህ። እስከዚያ የእናትህን የዕቁብ ብር አትንካ።