ብድር በምድር

በመኝታ ቤትና በምግብ አዳራሽ ከሚነሡት ክርክሮች ሁሉ የወጪ መጋራትን ያህል ድምፅ የሚያስነሣ የለም። አንዱ «ትምህርት የሕዝብ ሀብት ነው፤ ለምን እንከፍላለን?» ይላል። ሌላው «የተማረ ይክፈል» ብሎ ነገሩን ይዘጋል። ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል።

እንደሚታወቀው ሥርዓቱ በአገራችን የተጀመረው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከማስተማሪያውም ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን፣ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ እንዲከፍል ተወሰነ።

በእኛ አስተያየት መክፈሉ ትክክል ነው። ግብር ከፋዩ ገበሬ ልጁ ብዙ ጊዜ እዚህ ግቢ አይደርስም። የእርሱን ገንዘብ በልተን ዝም ማለት አያምርብንም።

የምንቃወመው ግን ዕዳው ተከፍሎ እስኪያልቅ ዋናውን የዲግሪ ወረቀት የመያዙን ልማድ ነው። ሥራ ያላገኘ በምን ይክፈል? ጊዜያዊው ማስረጃ እንደሆነ በሁሉ በር አያስገባም። አውስትራሊያ በ1989 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ሥርዓት ስታቆም፣ ክፍያው የተመራቂው ገቢ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ብቻ እንዲጀምር አድርጋለች። ሚዛን ማለት ይህ ነው።

ጓደኞቻችን ሆይ፣ በየዓመቱ የምንፈርመውን ውል አንብበን እንፈርም፤ ለእንጀራው ስንት፣ ለአልጋው ስንት እንደታሰበብን እንጠይቅ። የኢኮኖሚክስ መምህራኖቻችንም ይህን ሂሳብ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ቢያፍታቱልን ምስጋናችን ብዙ ነው።

ብድር በምድር መሆኑን አንክድም። ነገር ግን የተበዳሪውን እጅ አስሮ «ክፈል» የሚል አበዳሪ ገንዘቡንም አያገኝም።