ነጩ ጋዎን እና ካሜራው

ባለፈው ሳምንት አክስቴን ልጠይቅ ሄጄ፣ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ካቆሙ ሦስት ሳምንት እንዳለፋቸው ነገሩኝ። "ምነው እትዬ?" ስላቸው ስልካቸውን ከፍተው ጋዎን የለበሰ ሰው አሳዩኝ። "ዶክተር ነው'ኮ ልጄ፣ ሐኪም ይዋሻል እንዴ?" ግፊታቸውን ስለካው 180 በ110!

ያን ማታ ዶክተር መህመት ኦዝን አሰብኩ። ሰውየው ተራ ሰው አይደለም፤ ኒውዮርክ፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የልብ ቀዶ ሕክምና ፕሮፌሰር ነበር። በኦፕራ ዊንፍሬ ፕሮግራም ታወቀና እ.ኤ.አ. በ2009 የራሱን የቴሌቪዥን ትርኢት ጀመረ። በ2012 ደግሞ የጥሬ ቡና ጭማቂ ክብደት ይቀንሳል ብሎ አሞገሰ። እኛን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለን ያላከሳን ቡና! በ2014 የአሜሪካ ሴናተሮች ጠርተው አፋጠጡት፤ የቡናው ጥናትም በዚያው ዓመት ተሰረዘ። የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት (ቢኤምጄ) ያወጣው ጥናት የትርኢቱን ምክሮች ሲመረምር ማስረጃ የደገፈው 46 በመቶውን ብቻ ነው። 15 በመቶው ከማስረጃ ጋር ይጋጫል፤ ለቀሪው ማስረጃ አልተገኘም።

ይህ ሰው ሕክምና ስለማያውቅ ነው? አይደለም። ነገሩ ወዲህ ነው። እውነተኛ ምክር አሰልቺ ነው፦ ጨው ቀንሱ፣ ተራመዱ፣ መድኃኒት አታቋርጡ። ይህን ስንት ቀን ትደጋግመዋለህ? ካሜራ ግን በየቀኑ አዲስ ተአምር ይፈልጋል። ደግሞ ክፍላችን ውስጥ ከተሳሳትን በሽተኛው ተመልሶ ይመጣል፣ ስህተታችንን እናያለን። ተመልካች ተመልሶ አይመጣም።

ሐኪም ሚዲያ ላይ አይውጣ እያልኩ አይደለም። ኧረ ይውጣ! እኛ ዝም ካልን ሜዳውን ሌላ ይይዘዋል። ኦዝም ቢሆን ከ2025 ጀምሮ ሜዲኬርንና ሜዲኬይድን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው። ዝና በር ይከፍታል። ግን ሰው የሚያምነው እኛን ሳይሆን ጋዎኑን ነው፤ ጋዎኑ ደግሞ የግላችን አይደለም።

የድሮ ተማሪዎቼ፣ ቪዲዮ የምትሠሩ ብዙዎች እንዳላችሁ አያለሁ፣ እኮራባችኋለሁም። ከመልቀቃችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ፦ አክስቴ ይህን ሰምተው ነገ ጠዋት ምን ያደርጋሉ?

ሌሎቻችሁ ደግሞ፣ ዛሬ ቤት ስትገቡ የእናት አባታችሁን የክኒን ብልቃጥ ቁጠሩ። አክስቴ መድኃኒታቸውን ጀምረዋል። ያ ቪዲዮ ግን አሁንም እየታየ ነው።