ያለፍኩትን ትምህርት ለምን እደግማለሁ?

ባለፈው ሴሚስተር አንድ መምህራችን ክፍል ውስጥ «ከእናንተ መካከል ሁለተኛ ደረጃን በማታ ወይም በርቀት የጨረሰ አለ?» ብለው ጠየቁ። ሁሉም ዝም አለ። እኔም እጄን አላወጣሁም። አጠገቤ የነበረው ልጅ «የማታ ተማሪ እዚህ ምን ሊሠራ ይመጣል?» ብሎ ሲስቅ አብሬው ፈገግ አልኩ። ያቺ ፈገግታ እስካሁን ታሳፍረኛለች። ስለዚህ እዚህ ላይ ልናገረው፤ እኔ ሁለተኛ ደረጃን የጨረስኩት በማታ ነው። አሥራ አንደኛ ክፍልን ደግሞ ሁለት ጊዜ ተምሬያለሁ፤ አንድም ጊዜ ሳልወድቅ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሥራ አንደኛ ክፍልን በቀን እየተማርኩ ሳለ፣ ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ተጋምሶ፣ ሚያዝያ ላይ እናቴ ታመመች። ቤት ውስጥ ሌላ አስታማሚ ስላልነበረ ት/ቤቱን ተውኩት። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ውጤቴ ግን ካርዴ ላይ ተሞልቶ ነበር፤ ሒሳብ 81፣ እንግሊዝኛ 77፣ ከ50 በታች የሆነ አንድም የለም። መስከረም ላይ ቀን ቀን ሥራ ስለያዝኩ በማታ ልመዘገብ ካርዴን ይዤ ሄድኩ። መዝጋቢው ካርዱን አየት አደረጉና «እህቴ፣ ዓመቱን ካልጨረስሽ ይሄ ወረቀት ነው እንጂ ውጤት አይደለም» አሉኝ። «ጋሼ፣ ፈተናውን እኮ ተፈትኛለሁ» ብላቸው «እሱማ ተፈትነሻል» አሉና የመመዝገቢያውን ቅጽ ሰጡኝ። ሰውየው ክፉ አልነበሩም። ደንቡን ነው የነገሩኝ።

አሁን እስቲ ይህንን ከራሳችን ኮሌጅ ጋር እናስተያየው። እዚህ አንድ ተማሪ በሁለተኛው ሴሚስተር ቢታመም ዊዝድሮው ይሞላል፣ ሲሻለው ይመለሳል፣ ካቆመበት ይቀጥላል። የመጀመሪያው ሴሚስተር ኮርሶቹ ትራንስክሪፕቱ ላይ እንደተቀመጡ ይጠብቁታል። አንድ ኮርስ ኤፍ ቢያመጣ እሷን ብቻ ይደግማል እንጂ ያለፋቸውን ሁሉ ድገም አይባልም። ማንም ይህን እንደ ችሮታ አያየውም፤ ሥርዓቱ ነው። ታዲያ የአሥራ ስድስትና የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ላይ ሲሆን ለምን ዓመቱ በሙሉ አንድ ድንጋይ ይሆናል? ወይ ሙሉውን ታነሳዋለህ፣ ወይ ምንም የለህም።

ይህ ደንብ በቀን ተማሪ ላይ ያን ያህል ላይከብድ ይችላል። ማታ ክፍል ውስጥ ስትቀመጡ ግን ክብደቱ ይታያችኋል። ትምህርቱ ከ11፡30 እስከ 2፡30 ነበር፤ መብራት ከጠፋ ደግሞ የለም። ከፊት ለፊቴ የሚቀመጡት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የባንክ ጥበቃ ሠራተኛ፣ የሌሊት ተራ ሲደርሳቸው ሳምንቱን ሙሉ አይመጡም ነበር። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ናት፤ አሠሪዋ እንግዳ ካለባት ትቀራለች። በዚያ ዓመት ፊዚክስና ባዮሎጂን ከእኔ በተሻለ ውጤት ነው ያለፈችው። ነገር ግን የመጨረሻው ፈተና ሳምንት አሠሪዋ ለቅሶ ነበረባትና ሦስት ፈተና አመለጣት። ዓመቱ ወደቀ፤ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም አብሮ ወደቀ። ለእሷ «ድገሚ» ማለት ሌላ አንድ ዓመት ሙሉ አሠሪዋን በየማታው ማስፈቀድ ማለት ነው።

ክሬዲት የሚባለው ነገር ከየት እንደመጣ ሳነብ የገረመኝ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1905 አንድሩ ካርኔጊ የተባለው አሜሪካዊ ባለጸጋ ለኮሌጅ መምህራን ጡረታ 10 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። ገንዘቡን የተረከበው ድርጅት «ኮሌጅ» የሚባለው የትኛው እንደሆነ መለየት ስለነበረበት፣ በጡረታው መታቀፍ የሚፈልግ ኮሌጅ ተማሪ ሲቀበል ቢያንስ 14 ዩኒት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት እንዲጠይቅ አደረገ። አንዱ ዩኒት በአንድ የትምህርት ዓይነት 120 ሰዓት ያህል መማር ማለት ነው። (የመምህራን ጡረታ ስንት ነገር ያመጣል ጃል!) ይህ መለኪያ አንድ ጉድለትና አንድ ጥቅም አለው። ጉድለቱ ተማሪው ያወቀውን ሳይሆን የተቀመጠበትን ሰዓት መቁጠሩ ነው። ጥቅሙ ደግሞ እያንዳንዱ የትምህርት ዓይነት ለብቻው መቆጠሩ ነው። ሒሳብ ካለፍክ ሒሳብ አለቀ።

ጉድለቱን እነሱም በኋላ አይተውታል። ኒው ሃምፕሻየር የተባለችው ግዛት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣችው ደንብ ተማሪው የሚፈለገውን ችሎታ እስካሳየ ድረስ ከክፍል ውጭ በሥራ ወይም በልምምድ ለተማረው ክሬዲት እንዲያገኝ ፈቅዳለች። ጂ.ኢ.ዲ. የሚባለው ፈተና እ.ኤ.አ. በ1942 የተጀመረው በጦርነት ምክንያት ትምህርታቸውን ላቋረጡ ወታደሮች ተብሎ ነው፤ ዛሬ አራት ፈተናዎች ያሉት ሲሆን አንዱን ያለፈ ሰው ያንን ይዞ ሌላውን ሲመቸው ይፈተናል። እኛን በቀጥታ የሚነካውን ልጨምር። በዋሽንግተን ግዛት፣ ሲያትል አካባቢ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከቤታቸው ይዘውት የመጡትን ቋንቋ ተፈትነው እንደ ችሎታቸው ከአንድ እስከ አራት ክሬዲት ማግኘት ይችላሉ። አማርኛም ከሚፈተኑት ቋንቋዎች አንዱ ነው። እዚያ ያለው የአገሬ ልጅ ከእናቱ ጓዳ የተማረው አማርኛ ይቆጠርለታል፤ እኔ እዚህ አስተማሪ ፊት ተቀምጬ፣ ተፈትኜ ያገኘሁት 81 ተሰረዘ።

አንዳንድ የዲፓርትመንታችን ልጆች ይህን ሳነሳ «በሩን ከከፈትሽው ጥራት ይሞታል» ይሉኛል። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ላይ ይፋ የሆነ ምርመራ በዋሽንግተን ዲሲ የመንግሥት ት/ቤቶች ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ከተመረቁት ከሦስቱ አንዱ ያህሉ ደንብ ተጥሶ ዲፕሎማ እንደተሰጣቸው አሳይቷል፤ ወይ ከሚፈቀደው በላይ ከክፍል ቀርተዋል፣ ወይ የማካካሻ ኮርሶቹን ያለ አግባብ ወስደዋል። ማካካሻ ተብሎ ችሎታ ሳይመዘን ማለፊያ ሲታደል እንዲህ ይሆናል። እኔ የምጠይቀው ግን ሌላ ነው። ፈተናው ይክበድ፣ ከፈለጉ ከቀኑ ተማሪ የባሰ ይክበድ። ካለፍኩት በኋላ ግን ያለፍኩት ይሁን። ደግሞስ ስለ ክፍል ጥራት ስናወራ ፕላዝማን እንዴት እንረሳለን? በ1990ዎቹ መጨረሻ ታላላቆቻችን የቀን ተማሪ ተብለው፣ ክፍል ውስጥ ተደርድረው፣ ትምህርቱን የሰጣቸው በሳተላይት የመጣ ቴሌቪዥን ነበር፤ አስተማሪው ጥግ ይዞ አብሮ ያያል። ያ «መደበኛ» ነው የተባለው።

አገራችንም ቢሆን ይህን አሠራር ጨርሶ አታውቀውም ማለት አይቻልም። አብሮን ማታ የሚማር አንድ መካኒክ ነበር። ኮሌጅ ሳይገባ፣ ጋራዥ ውስጥ በተማረው ሙያ ሲኦሲ ተፈትኖ ደረጃ ሁለት ብቁ ነህ ተብሏል። ሙያውን የት ተማርክ፣ ስንት ሰዓት ተቀመጥክ ያለው የለም፤ ሥራ ብለውት ሠርቶ አሳየ፣ አለቀ። ያው ሰው ማታ ክፍል ሲመጣ ግን ያለፈው የትምህርት ዓይነት እንኳ ዓመቱ ካልሞላ አይያዝለትም። በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት መጋቢት ላይ ት/ቤቶች ሲዘጉም፣ ተማሪዎች የያዙት የመጀመሪያ መንፈቅ ዓመት ውጤት ባዶ ወረቀት ነው አልተባለም፤ የቀረውን በማካካሻ ትምህርት ሸፍነው ወደሚቀጥለው ክፍል አለፉ። አገር ሁሉ ሲታመም የተቻለው ነገር የአንዲት ልጅ እናት ስትታመም ለምን አይቻልም?

በዚህ ላይ የጦርነቱን ነገር ጨምሩበት። በትግራይ ሦስት ዓመት ያህል ትምህርት ተቋርጦ ነበር፤ በአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በግጭቱ ምክንያት ብዙ ት/ቤቶች ዓመቱን ሳይጨርሱ ተዘግተዋል። ከእነዚያ ክፍሎች የወጣ ልጅ ግማሽ ዓመት ተምሮ ከሆነ ግማሽ ዓመቱ የት ነው የተቀመጠለት?

እኛ ነገ ርዕሰ መምህርና ሱፐርቫይዘር፣ አንዳንዶቻችንም መመሪያ አርቃቂ የምንሆን ሰዎች ነን። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ በየዓመቱ ስንፈልግ «የተማሪዎች ማርፈድና መንስኤው» ላይ ስንረባረብ አያለሁ። የማታ ት/ቤቶች መዝገብ ቤት ውስጥ በግማሽ የቀሩ ካርዶች ተከምረዋል። ከነዚያ ካርዶች ላይ ያለፉትንና የተደገሙትን የትምህርት ዓይነቶች ቆጥሮ፣ ስንት ተማሪ ስንት ያለፈውን ትምህርት እንደደገመ የሚያሳይ አንድ ጥናት ቢሠራ እኔ የመጀመሪያዋ አንባቢ ነኝ። የሚሠራ ካለም አብሬ እገባለሁ።

ያቺ ልጅ ባለፈው ወር ደውላልኝ ነበር። አሥራ አንደኛ ክፍልን ለሦስተኛ ጊዜ ልትመዘገብ ነው። «አንቺ ኮሌጅ ያለሽው፣ እስቲ ጠይቂልኝ፤ ፊዚክሱን እንኳ ይተዉልኝ ይሆን?» አለችኝ። እጠይቅልሻለሁ ብያታለሁ።