ሥዕል የተሰቀለበት አዳራሽ ለማን ተከፈተ?

በዚህ ገጽ ስለ ቤትና ስለ ልጆች አስተዳደግ ስንጽፍ ብዙውን ጊዜ የምናነሣው ስለ ምግብ፤ ስለ ልብስና ስለ ንጽሕና ነው። ሆድ ምግብ እንደሚሻ ዓይንም የራሱን ምግብ የሚሻ መሆኑን ግን አንዳንድ ጊዜ እንዘነጋዋለን። ዛሬ ለተከበሩ አንባቢዎቻችን ለማሳሰብ የወደድነው ስለዚሁ ስለ ዓይን ምግብ፤ ይልቁንም ትልልቅ ኩባንያዎች በአዳራሻቸው ለሕዝብ ስለሚያሳዩት ሥዕልና ስለ ልዩ ልዩው የእጅ ጥበብ ነው። ይህ ነገር የአዲስ አበባን ሰው ብቻ የሚመለከት ሊመስል ይችላል። እኛ ግን ከጋይንት፤ ከስማዳና ከእስቴ ልንጀምር መረጥን፤ ምክንያቱንም አንባቢ ከዚህ በታች ያገኘዋል።

በጉና ተራራ ዙሪያና ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ የሚያድግ ልጅ ሥዕልን መጀመሪያ የሚያየው በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ነው። እናቱ በበዓል ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን ይዛው ስትሄድ የመቅደሱን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በቀለም አሸብርቆ ያገኘዋል። ሊቃነ መላእክት ሰይፋቸውን መዘው በሩን ይጠብቃሉ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስም በነጭ ፈረሱ ላይ ሆኖ ዘንዶውን ይወጋል። የጥንቱ ሠዓሊ ጻድቁን ሰው ሙሉ ፊቱን ከሁለት ዓይኑ ጋራ፤ ክፉውን ሰው ግን በጎን በአንድ ዓይን ብቻ ይሥለው ነበር። ስለዚህ ፊደል ያልቆጠረው ሕፃን እንኳ ደጉንና ክፉውን ያለ አስተማሪ ይለያል። ይህን ሥዕል ለማየት ገንዘብ የሚጠየቅ የለም፤ ባለጸጋውም ድኻውም የሚያየው ያንኑ ነው።

ድጓ በሚመሰከርበት በጋይንት ቤተልሔም ደግሞ ጥንታዊው የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን በኋላ ዘመን በተሠራ ክብ ቤት ውስጥ ተከቶ ይገኛል። በሩቅ ለሚያየው እንደ ማናቸውም የባላገር ቤተ ክርስቲያን ይመስለዋል፤ የከበረው ነገር ግን በውስጥ ነው። የከበረ ነገር በውስጡ ያለው ቤት ሁሉ ጥቅሙ የሚታወቀው በሩ ሲከፈትና ሰው ሲገባበት ነው።

የአገራችን ሥዕል ሁሉ ግን በተሣለበት ቦታ አልቀረም። በ1932 እ.ኤ.አ. ማርሴል ግሪዮል የሚባለው ፈረንሳዊ የመራው የምርምር ጓድ በጎንደር ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የግድግዳውን ሥዕል አስነሥቶ ወደ ፓሪስ ወሰደው፤ በስፍራውም አዲስ ግልባጭ ተለጠፈ። የጥንት ሠዓሊዎች ሥዕላቸውን በሸማ ላይ ሥለው ሸማውን በግድግዳ ላይ ይለጥፉት ስለ ነበረ፤ ለማንሣት የተመቸ ነበር። ዛሬ ያ ሥዕል በፓሪስ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ተጠብቆ ይገኛል። መጠበቁ መልካም ነው፤ ነገር ግን ለእነርሱ ተብሎ ለተሣለላቸው ለጎንደር ሰዎች ልጆች እጅግ ራቀ። ከዚህ የምንረዳው ሥዕል ማማሩ ብቻ እንዳልበቃ፤ የሚሰቀልበት ቦታና የሚያየው ሰው ማንነትም ትልቅ ነገር መሆኑን ነው።

ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውጭ ለኢትዮጵያ ሠዓሊ ግድግዳ ማግኘት ቀላል ነገር አልነበረም። አፈወርቅ ተክሌ በ1954 እ.ኤ.አ. ሥራዎቻቸውን ለሕዝብ ያሳዩት በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ነበር። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ካቋቋሙ ወዲህ፤ ከዚያ ተምረው የወጡ ሠዓሊዎች በዝተዋል። ሠዓሊ ሲበዛ ግድግዳም መብዛት ነበረበት። ስለዚህ የንግድ ቤቶች በራቸውን ሲከፍቱ ለሠዓሊው ትልቅ እርዳታ ሆነ። ለምሳሌ ያህል የአዲስ አበባው ሸራተን ሆቴል በ2000ዎቹ ዓመተ ምሕረት «የኢትዮጵያ ጥበብ» በሚል ስም በየዓመቱ የብዙ ሠዓሊዎችን ሥራ በአንድነት እየሰበሰበ ያሳይና ያሻሽጥ ነበር። አንጋፋውና ጀማሪው ጎን ለጎን ይሰቀል ነበርና፤ ተመልካቹ የዘመኑን የሥዕል ዓይነት በአንድ ጊዜ ለማወዳደር ቻለ።

ይህ ልማድ በሌላም አገር የታወቀ ነው። አይ ቢ ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1939 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሲዮን ከ79 አገሮች ያሰባሰበውን ሥዕል አሳየ። የቼዝ ማንሃተን ባንክም በዴቪድ ሮክፌለር አሳቢነት ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥዕል እየገዛ ሠራተኞቹ በሚሠሩበት ክፍልና ደንበኞቹ በሚያልፉበት አዳራሽ ይሰቅል ጀመር። ኩባንያዎች ይህን የሚያደርጉት ለጽድቅ ብቻ ነው አንልም። ስማቸው በመልካም እንዲነሣ፤ ቤታቸውም እንዲያምር ይፈልጋሉ። ቢሆንም ሻጭ ለትርፉ ሲል በመንገድ ዳር ያበራው መብራት ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ እንደሚያበራ፤ ጥቅሙ ለሕዝብ ከተረፈ የምንነቅፈው አይደለም።

ነገር ግን ሁለት ነገሮችን ሳንናገር አናልፍም። መጀመሪያው የዕድሜው ነገር ነው። አይ ቢ ኤም በኒው ዮርክ ከፍቶት የነበረው የሥዕል አዳራሽ በ1994 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። ዊትኒ የተባለው ሙዚየምም በአንድ የትምባሆ ኩባንያ ሕንጻ ውስጥ ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሕዝብ ያለ ዋጋ ሥዕል ሲያሳይ ቆይቶ፤ ኩባንያው መሥሪያ ቤቱን ወደ ሌላ ከተማ በማዛወሩ ከሃያ ዓመት በላይ የኖረው አዳራሽ ቀረ። የኩባንያ አዳራሽ የወዳጅ ቤት ነው፤ ወዳጅ የሄደ እንደ ሆነ ቤቱም ይዘጋል። የጋይንት ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ግን የመንደሩ ሁሉ ስለ ሆነ አባት ለልጅ እያስተላለፈው ይኖራል። እንግዲህ አዳራሹ ክፍት ሳለ በርትቶ መጠቀም፤ የሕዝብ የሆነ ቦታም እንዲበዛ ማሰብ ይገባል።

ሁለተኛው የበሩ ነገር ነው። በትልቅ ሕንጻ ደጅ ዘበኛ ቆሞ ሲያዩ፤ ወለሉም እንደ መስተዋት ሲያብለጨልጭ፤ ነጠላዋን የለበሰች እናት «ይህ ለእኔ አይደለም» ብላ ትመለሳለች። ማንም አልከለከላትም ይሆናል፤ ነገር ግን «ግቢ» ያላትም የለም። ይህች ሴት ከእስቴ ልጇን ለማስታመም ወይም ዘመድ ለመጠየቅ የመጣች ብትሆን፤ በአገሯ ቤተ ክርስቲያን ከማንም እኩል ቆማ ሥዕል ስታይ ያደገች ናት። ሥዕል ማየትን ከእርሷ የበለጠ የለመደ የለም። እርሷን በደጅ ያስቀረ ትርዒት ለሕዝብ ተከፈተ ሊባል አይችልም።

ስለዚህ ባለ አዳራሾቹን የምንለምናቸው ነገር አስቸጋሪ አይደለም። መግቢያው ያለ ዋጋ መሆኑ በአማርኛ በጉልህ ተጽፎ በደጅ ይለጠፍ። ሠራተኛና ተማሪ በሚያርፍበት በእሑድ ቀንም ይከፈት። በእያንዳንዱ ሥራ አጠገብ የሠሪው ስምና የሥራው ፍሬ ነገር ይጻፍ፤ ሠሪውም ሥራው በተሸጠ ጊዜ ድርሻው በሙሉ ይከፈለው። የሚታየውም ነገር በሸራ ላይ የተሣለ ብቻ አይሁን። አንድ ጊዜ ፎቶግራፍ፤ አንድ ጊዜ የልጆች ሥዕል፤ አንድ ጊዜ የሸማኔና የሸክላ ሥራ ይቅረብ። በስማዳ ያለች እናት አክርማውን በቀለም ነክራ የምትሰፋው መሶብና ሙዳይ ያለ ንድፍና ያለ ቍጥር አይሠራም። ስንቱን ዙር በየትኛው ቀለም እንደምትሰፋ በልቧ ታሰላዋለች። ይህ ጥበብ ካልተባለ ጥበብ የሚባለው ምን ይሆን? መሶቧ በአዳራሽ ስሟ ተጽፎበት ቢቀመጥ፤ ሴት ልጇ የእናቷን ሙያ በሌላ ዓይን ታየዋለች።

ከዚህም ሌላ አዳራሹ ወደ ባላገር ይሂድ እንላለን። ባንኮች ቅርንጫፋቸውን በየወረዳው ከተማ ከፍተዋል። ሰላም በጸና ጊዜ በነፋስ መውጫ፤ በአርብ ገበያ፤ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ ሰው ገንዘብ ሊያስቀምጥ ወይም ሊቀበል ተሰልፎ በሚቆምበት ክፍል አንድ ግድግዳ ለዚህ ቢለይ ወጪው ትንሽ ነው። በገበያ ቀን ወረፋ የሚጠብቀው ገበሬ ባዶ ግድግዳ ከሚያይ የጎረቤቱን ልጅ ሥዕል ቢያይ ምን ይጐዳል? ከአዲስ አበባ የተላከ ሥዕል ለጥቂት ወራት ቢሰቀልና፤ በፈንታው የጋይንት ሴቶች ስፌት ወደ አዲስ አበባ ቢላክ፤ ከተማና ባላገር እርስ በርሳቸው ይተዋወቃሉ።

ለወላጆችም የምንላችሁ አለን። እናንት በከተማ የምትኖሩ አባቶችና እናቶች፤ ትርዒት መከፈቱን በሰማችሁ ጊዜ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ግቡ፤ በዘበኛው ፊት አትፈሩ። ከገባችሁም በኋላ በአንድ ጊዜ ሁሉን ለማየት አትሩጡ። ልጁ ከሁሉ የወደደውን አንድ ሥራ ይምረጥ፤ ለምን እንደ ወደደውም ይናገር፤ እናንተም ሳታቋርጡ ስሙት። እቤት ሲመለስ ያየውን ከልቡ እያወጣ እንዲሥለው ወረቀት ስጡት። በባላገር ያላችሁ ደግሞ በመጪው በዓል ልጃችሁን ከመቅደሱ ግድግዳ ፊት አቁማችሁ እያንዳንዱ ሥዕል የማን ታሪክ እንደ ሆነ ንገሩት፤ እናንተ የማታውቁትን መሪጌታውን ጠይቁለት። የማይጠየቅ ሥዕል እያደር የሚያውቀው ይጠፋል።

ልጅ ከምድጃው ከሰል አንሥቶ በቤቱ ግድግዳ ላይ ፈረስ ሲሥል ያገኘው ወላጅ፤ ግድግዳዬን አበላሸህ ብሎ ለመምታት እጁን ያነሣል። ከመምታታችሁ በፊት ፈረሱን እስኪ አንድ ጊዜ ተመልከቱት። በየመቅደሱ ግድግዳ የምናደንቀውን ፈረስ የሣለው ሰው በልጅነቱ የጀመረው ምናልባት እንዲሁ በከሰል ይሆናል። ለዚያ ልጅ ዛሬ አንድ ወረቀት፤ ነገም በሩ የተከፈተ አንድ አዳራሽ ብናገኝለት፤ ከእኛ የሚፈለገውን አደረግን ማለት ነው።